ግማሽ ሰዓት ለፍርድ አይበቃም፦ አዲስ ድራማ በደሴና በኮምቦልቻ ሲጀምር

አዲስ ተከታታይ ድራማ በጀመረ ማግስት ደሴ ላይ ፍርዱ ተሰጥቶ ያድራል። ፒያሳ ባሉት የጀበና ቡና መሸጫዎች፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ባሉ ምግብ ቤቶች፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ወሬው እሱ ነው። ግማሹ «ይዞኛል» ይላል፤ ግማሹ «ከወዲሁ ታውቋል፣ አይረባም» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለተኛው ክፍል የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙ ሰዎች ለወራት የደከሙበት ሥራ በአንድ ምሽት ይሾማል ወይም ይሻራል።

ተመልካች አይፍረድ ማለቴ አይደለም። ጊዜውን የሚሰጠው፣ የመብራቱንና የኢንተርኔቱን ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ነው። ድራማ ሠሪም ቢሆን ሥራውን ወደ ሰው ቤት ይዞ እስከገባ ድረስ መመዘኑን መቀበል አለበት። የሚያሳስበኝ ሚዛኑ ነው። የአገር ውስጥ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ከቱርኩ፣ ከኮሪያው፣ ከዐረቡና ከአሜሪካው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ሲለካ የቆየው ሁሉም «ክፍል አንድ» እኩል እንደሆነ ተቆጥሮ ነው። እኩል አይደለም። በመካከላቸው ያለው ትልቁ ልዩነት ከትወናውና ከካሜራው በፊት በሰዓቱ ይታያል።

የቱርክ ተከታታይ ድራማ በአገሩ እንደ እኛው በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚተላለፈው። አንዱ ክፍል ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የሚበልጥበትም ጊዜ አለ። ደራሲው በመጀመሪያው ምሽት ሁለቱን ቤተሰቦች አስተዋውቆ፣ የድሮውን ጠብ አንስቶ፣ ፍቅረኞቹን አገናኝቶ፣ አንድ ሰው እስር ቤት ወይም መቃብር አስገብቶ ለመጨረስ በቂ ቦታ አለው። ይኸው ክፍል ለውጭ አገር ሲሸጥ አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ በሚሆኑ ክፍሎች ይቆራረጣል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያመጣልን የደረሰን ይህ የተቆራረጠው ነው። «ጥቁር ፍቅር» ብለን የተከታተልነው ድራማ በቱርክ እ.ኤ.አ. በ2014 ጀምሮ በ2015 ሲያልቅ ክፍሎቹ 54 ብቻ ነበሩ። እኛ ዘንድ ከዚያ እጅግ በበዙ ቁጥሮች ነው ያየነው። ስለዚህ ያ የመጀመሪያ ምሽት ያቆመበት ቦታ ደራሲው ያቆመበት ቦታ አልነበረም። ቢሆንም ማንም አልተጎዳም፤ ቀጣዩ ቁራጭ በማግስቱ ይመጣ ነበርና። በሳምንት አምስት ቀን የሚታይ ታሪክ በመጀመሪያው ቀን ቢንቀራፈፍ በሦስተኛው ቀን ይካካሳል።

የኮሪያዎቹ ለረጅም ጊዜ የተለመደ አሠራራቸው 16 ክፍል፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ ተመልካቹ ሁለት ሰዓት ያህል አይቷል፤ የሚፈርደው ከዚያ በኋላ ነው። የዐረብ ቴሌቪዥኖች የረመዳን ድራማዎች ደግሞ በልማድ ከጾሙ የመጀመሪያ ምሽት እስከ መጨረሻው በየቀኑ አንድ ክፍል፣ በጠቅላላው 30 ክፍል እየሆኑ ይሠራሉ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እነዚህን በዐረብኛ የሚከታተሉ ቤቶች አሉ። ሳዑዲ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ቋንቋውን ብቻ አይደለም ይዘው የመጡት፤ ድራማ የማየት ልምዱም አብሯቸው መጥቷል። ከኢፍጣር በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እነሱ እየተረጎሙ ይታያል። በዚያ ወር ሁሉም ጣቢያ ሥራውን በአንድ ምሽት ስለሚጀምር የመጀመሪያው ክፍል ፉክክር ከባድ ነው። ነገር ግን ሰባት ቀን ሳይሞላ ሰባት ክፍል ታይቷል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የእኛ ሳምንታዊ ድራማ ማስታወቂያው፣ የስፖንሰሮቹ ዝርዝርና የመግቢያ ዘፈኑ ሲቀነስ የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ነው። ከዚያ ሳምንት ይጠበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ውስጥ የኮሪያው ተመልካች ሁለት ሰዓት፣ የቱርኩም ሁለት ሰዓት፣ የረመዳኑ ከዚያ የሚበልጥ አይቶ ሲፈርድ፣ የአማርኛው ድራማ በግማሽ ሰዓት ይፈረድበታል። «የቱርኩ ከመጀመሪያው ነው የሚይዝህ» የሚል ሰው ደሴ ላይ በየቦታው ይገጥመኛል። እውነቱን ነው፤ ያዘው። የያዘው ግን አራት እጥፍ ጊዜ ተሰጥቶት ነው።

ይህ የግማሽ ሰዓት ልክ ከየት መጣ? ገንዘብ ነው መልሱ። እኛ አገር በብዛት በሚሠራበት መንገድ ፕሮዲዩሰሩ የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይገዛል፣ ወይም የማስታወቂያ ገቢ ይጋራል፤ ወጪውን የሚሸፍንለትን ስፖንሰር የሚፈልገውም ራሱ ነው። ተጨማሪ አሥር ደቂቃ ማለት ተጨማሪ የቀረጻ ቀን፣ ተጨማሪ የቤት ኪራይ፣ ተጨማሪ ነዳጅ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በብሮድካስት እንዳይተላለፍ ሲከለክል ደግሞ ከትልልቆቹ ከፋዮች አንዱ ወገን ከሜዳው ወጣ። የቢራ ፋብሪካ ያላት ኮምቦልቻ ይህን ለመረዳት አትቸገርም፤ የቢራ ስም ያልተጻፈበት ዝግጅት ማየት ብርቅ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ሕጉን እደግፋለሁ፤ ልጆች በሚያዩት ሰዓት መጠጥ መወደስ አልነበረበትም። ነገር ግን የጎደለውን ገንዘብ የተካ ነገር በበቂ አልመጣም፤ ጉድለቱም ስክሪኑ ላይ ይታያል።

ሌላም የማናስበው ነገር አለ። በአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ዘንድ የመጀመሪያው ክፍል በብዛት ለብቻው ተቀርጾ ለሙከራ ይቀርባል፤ ፓይለት ይሉታል። ጣቢያው አይቶት ካልወደደው ይጥለዋል፣ ወይም አስተካክላችሁ አምጡ ይላል። ዓለም ሁሉ ያወቀው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የመጀመሪያ ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተቀረጸ በኋላ ስላላጠገበ አብዛኛው እንደገና ተቀርጿል፤ በሁለት ትልልቅ ገጸ ባሕርያት ላይ ተዋንያን ተቀይረዋል። ሕዝብ ያየው በ2011 ነው። እኛ የምናደንቀው «የመጀመሪያ ክፍል» እንግዲህ ሁለተኛ ሙከራ ነው ማለት ነው። የአማርኛ ድራማ ሠሪ ግን የመጀመሪያ ሙከራውን የሚያደርገው በሕዝብ ፊት ነው። የማይሆን ተዋናይ ከመደበ፣ የድምፅ ቀረጻው ከተበላሸበት፣ የምልልሱ ፍጥነት ካልተስማማው ያንኑ ለሕዝብ ያቀርባል። መልሶ የሚቀርጽበት ብር የለውም።

ዝም ብለው በትዕግሥት የተጠበቁ ሥራዎች ምን ሊሆኑ እንደሚችሉም ከዚያው ከአሜሪካ ምስክር አለ። «ብሬኪንግ ባድ» እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ሲጀምር የመጀመሪያውን ክፍል በአገሩ ያየው 1.4 ሚሊዮን ሰው ገደማ ነበር። ለዚያ አገር ይህ ትንሽ ቁጥር ነው። በመስከረም 2013 ሲያልቅ የመጨረሻውን ክፍል 10.3 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። በመጀመሪያው ሳምንት ወሬ ቢፈረድበት ኖሮ ሁለተኛ ምዕራፍ አይኖረውም ነበር።

የእኛ ሠሪዎች ለዚህ የችኮላ ፍርድ የሰጡት ምላሽ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ነው። ሁሉንም ነገር በክፍል አንድ ውስጥ ማጨቅ ጀምረዋል። በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ሠርግ ይደገሳል፣ መኪና ይገለበጣል፣ የተደበቀ ልጅ ይገኛል፣ ሀብታሙ አባት ደረቱን ይዞ ይወድቃል፤ ከሥር ሙዚቃው ምልልሱን እስኪውጥ ድረስ ይጮኻል። ሰውየው ማን እንደሆነ ሳናውቅ አልቅሱለት እንባላለን። የማላውቀው ሰው ሲሞት ላዝን አልችልም። ደግሞም በመጀመሪያው ምሽት የተበተነው ሁሉ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ክፍል የተወሰደ ነው። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስልክ ሲያወሩ ብቻ የምናየው ለዚህ ነው፤ የሚደርስ ነገር አልቆባቸዋል። ያኔ ተመልካቹ «ድሮም ብያለሁ» ይላል። በአንድ ምሽት እፈርዳለሁ ያለ ተመልካችና በአንድ ምሽት ልማርክ ያለ ሠሪ እርስ በርስ ተበላልተዋል።

በአንድ ጣቢያ ዘመን እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ አንሥቶ ለአሥርት ዓመታት ተመልካቹ የሚሄድበት ሌላ ጣቢያ ስላልነበረው ድራማው ቀስ ብሎ ቢጀምርም ይጠበቅ ነበር። በኋላም «ሰው ለሰው» ከሳምንት ሳምንት ለዓመታት ሲዘልቅ ሰው ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤት እያወቃቸው ሄደ። ያን ዘመን መልሱልኝ አልልም፤ አማራጭ ማጣት በጎ ነገር አይደለም። ነገር ግን ለትዕግሥት ያስገደደን ሁኔታ ሲጠፋ ትዕግሥቱም አብሮ ጠፋ፤ በቦታው ያቆምነው ነገር የለም።

ፍርዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። ቱርክ ውስጥ ተመልካች በየቀኑ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ካነሰ ድራማው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጥድፊያ ተቋጭቶ ይወርዳል። እኛ አገር በየቀኑ ለሕዝብ የሚወጣ የተመልካች ቆጠራ የተለመደ አይደለም። በእሱ ምትክ ሠሪውም ስፖንሰሩም የሚያዩት ዩቲዩብን ነው፦ በመጀመሪያው ሌሊት ስንት ሰው ከፈተው፣ ምን አስተያየት ጻፈ። ይህ ቁጥር ደግሞ ደሴን አያይም። ሸዋ በር አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ እናት፣ ልጆች፣ አክስትና ቡና የተጠሩ ጎረቤቶች ተሰብስበው በዲሽ ሲያዩ፣ ስምንት ሰው አይቶ ዜሮ ይቆጠራል። ዋሽንግተን ያለ አንድ ወንድማችን በስልኩ ሲከፍተው አንድ ይቆጠራል። የእሱን ፍቅር አላሳንስም፤ ሠሪዎቹን በገንዘብም በሞራልም የሚያቆመው እሱ ነው። ግን የአማርኛ ድራማ ስለ ማን መሆን እንዳለበት በእሱ ፈጣን ኢንተርኔት ብቻ ከተወሰነ፣ ታሪኩ ቀስ በቀስ ወደ እሱ ሕይወትና ናፍቆት መሄዱ አይቀርም። ባለ ፎቅ ቤት፣ ከውጭ የመጣ እጮኛ፣ የውርስ ክርክር።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ይብሳል። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና በነባሮቹ ፋብሪካዎች የምትሠራ ወጣት የማታ ፈረቃ ከደረሳት አዲሱ ድራማ ሲጀምር ማሽን ላይ ናት። በማግስቱ ድጋሚው የሚተላለፍበት ሰዓት ተኝታለች። የሚቀራት ዩቲዩብ ነው፤ እሱ ደግሞ ዳታ ይበላል፣ ደመወዟም የሚታወቅ ነው። ብዙዎቹ የሚያደርጉት አብረው ከተከራዩ ጓደኞቻቸው አንዷ ባወረደችው ስልክ ላይ ተሰብስቦ ማየት ነው። አራት ሴቶች፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ቁጥር። ምናልባትም ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስለ ድራማው ካወሩ ሰዎች ሁሉ በጥልቀት ያወሩት እነሱ ናቸው፤ ፈረቃ እስኪገባ ድረስ ሌላ ወሬ የለምና። ድምፃቸው ግን ወደ አዲስ አበባ አይደርስም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ መብራትና ስልክ ተቋርጦ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ሁለቱም ከተሞች ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ሕይወት የማትረፍ ጊዜ ነበር፤ ስለ ድራማ ያሰበ የለም። ሆኖም በእነዚያ ሳምንታት ድራማዎች ይተላለፉ ነበር፣ ቁጥራቸውም ይነበብ ነበር። ከሁለቱ ከተሞች አንድም ሰው ባላየበት ወቅት የተመልካቹ ቁጥር ያን ጉድለት የሚያሳይበት መንገድ አልነበረውም። መብራቱ ሲመለስ ብዙ ቤት ውስጥ ሰዎች ታሪኩን መሐል ላይ ነው ያገኙት፤ መጀመሪያውን አይተው አያውቁም።

ፍርዱ ለምን ይህን ያህል ያሳስበኛል ለሚል ሰው መልሴ ይህ ነው፦ እኛ አገር የተመልካች ቃል ታሪኩን ይለውጣል። አንድ ምዕራፍ ተጠናቆ በአንድ ቀን ሁሉም ክፍል ሲለቀቅ፣ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሃውስ ኦፍ ካርድስ»ን በ13 ክፍል በአንድ ጊዜ እንዳወጣው ሲሆን፣ ተመልካች የሚለው ነገር የሚደርሰው ለሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። የእኛዎቹ ብዙዎች ግን እየተላለፉ ይቀረጻሉ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ «ልጅቷ ትወናዋ ደካማ ነው» ከተባለ በስምንተኛው ክፍል ወደ ውጭ አገር ትላካለች። «ኮሜዲያኑ ይጨመር» ከተባለ ከየት መጣ ሳይባል የቤቱ ሰው ይሆናል። የደራሲውን እጅ የሚይዝ ቃል ነው የምንናገረው። እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው ሰው ግማሽ ሰዓት አይቶ መናገር የለበትም።

ሁለተኛና ሦስተኛ ምዕራፍ ሲጀምር ነገሩ መልኩን ይቀይራል። አሁን የምናየው የምናውቀውን ሰው ነው፤ የምንጠብቀውም ዕዳ ነው። ባለፈው ምዕራፍ መጨረሻ የተተኮሰው ጥይት ማንን መታ? ይህ ጥያቄ በቴሌቪዥን ታሪክ የታወቀ አባት አለው። «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 ዋናውን ገጸ ባሕርይ አስመትቶ ምዕራፉን ዘጋ። አገሩ ሙሉ ክረምቱን ማን ተኮሰ እያለ ከረመ። አዲሱ ምዕራፍ በኅዳር ሲጀምር ግን ሠሪዎቹ መልሱን በመጀመሪያው ምሽት አልሰጡም፤ ተኳሹ የታወቀው በአራተኛው ክፍል፣ በኅዳር 21 ነው። ያን ምሽት 83 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ እንዳየው ይገመታል። አዲስ ምዕራፍ መክፈቻው ላይ የድሮውን ጥያቄ ማቆየት እንደሚችል ይህ ያሳያል፤ የማይችለው መርሳት ነው።

የእኛዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በምዕራፎች መካከል ብዙ ወራት ያልፋሉ፤ ተዋንያኑ ሌላ ሥራ ይይዛሉ። ምዕራፍ ሁለት ሲጀምር አንዱ «አሜሪካ ሄዷል» ይባላል፣ የሌላኛዋ ፊት ተቀይሯል፣ የተተኮሰው ጥይት ማንንም አልመታም። ለአዲስ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ትዕግሥት ይገባዋል ብዬ እሟገታለሁ፤ ለተመላሽ ምዕራፍ መክፈቻ ግን አልሟገትም። እሱ ቃል ገብቶ ነው የተመለሰው፤ በመጀመሪያው ምሽት ቢጠየቅ ፍትሕ ነው። ደሴ ላይ ስለ አዲስ ድራማና ስለ አዲስ ምዕራፍ የሚሰጠው አስተያየት የሚለያይበት መንገድ ይገርመኛል፤ ለመጀመሪያው እንጨክናለን፣ ለሁለተኛው የድሮ ፍቅራችን ያሳሳናል። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን የወሎ ተመልካች በመጀመሪያዋ ደቂቃ ቢፈርድ አልወቅሰውም፤ ራሱን ሲያይ። የአማርኛ ድራማ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደ ደሴ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ የሚያመጣው ገጸ ባሕርይ ከመጀመሪያው ክፍል ይታወቃል። ወይ ቆንጆ የቤት ሠራተኛ ናት፣ ወይ እየሳቀ የሚጫወት ደግ ሰው ነው። «አብሽር» እና «ጀባ» እየደጋገመ ይናገራል፤ ዐረፍተ ነገሩ የሚወርድበት ዜማ ግን የወሎ አይደለም። ከኋላ ባቲ ወይም አምባሰል ይሰማል። ባቲም አምባሰልም ቅኝት ከመሆናቸው በተጨማሪ ሰው የሚኖርባቸው አገሮች መሆናቸውን፣ አንዱ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ ሌላው ከደሴ በስተሰሜን እንዳሉ የረሳ የድራማ ሙዚቃ ነው የምንሰማው። ጦሳ ተራራ ከላይ በድሮን ይቀረጻል፤ ከተራራው ሥር ያለው ሰው ሥራው ምን እንደሆነ፣ የቤት ኪራዩን እንዴት እንደሚከፍል አይነገርም።

እዚህ ያለው ታሪክ ግን በየትኛውም ገበያ የሚሸጥ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን የሆኑ ወንድማማቾች በአንድ ሰርግ ላይ ለሁለት ዓይነት ሥጋ ሁለት ድስት የሚጥዱበት አገር ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አፋር፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲና ወደ ዐረብ አገር የሚወርደው መንገድ ስንቱን ቤት እንደነካ ማንም ያውቃል። ከፈረቃ ወጥታ ደሞዟን ለገጠር እናቷ የምትልክ የፋብሪካ ልጅ አለች። ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ዛሬም ቆሟል፤ ስንት ሺህ ሰው ያለ ልዩነት ተቀምጦ የበላበት ነው ይባላል። በእነዚህ በአንዱ የሚጀምር ክፍል አንድ መኪና መገልበጥ አያስፈልገውም። አንዲት ሴት ንጋት ላይ የሻንጣዋን ዚፕ ስትዘጋ፣ እናቷ ደግሞ በር ላይ ቆማ የት እንደምትሄድ እያወቀች እንዳላወቀች ስትሆን የሚጀምር ድራማ ቢኖር ደሴ ሁለተኛውን ክፍል ትጠብቃለች። ይህን የምለው በተስፋ ብቻ አይደለም፤ ያቺን ሴት የማያውቅ ቤት እዚህ ስለሌለ ነው።

ከሠሪዎችና ከጣቢያዎች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አዲስ ድራማ ሲጀምር በመጀመሪያው ምሽት ሁለት ክፍል በተከታታይ ይተላለፍ። ተጨማሪ ክፍል መቅረጽ አያስፈልግም፤ ቀድሞ የተቀረጸውን ሁለተኛ ክፍል ከሳምንት በኋላ ከማምጣት በዚያው ሌሊት ማምጣት ብቻ ነው። ለአንድ ሳምንት የማስታወቂያ ቦታ ይጣበብ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ሰዓት የተሰጠው ደራሲ መኪና ሳይገለብጥ ሰው ማስተዋወቅ ይችላል፣ ተመልካቹም ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚፈርደው አውቆ ነው። ድጋሚው በአንድ ሰዓት ብቻ አይወሰን፤ አንዱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሌላው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን የሌሊቱም የቀኑም ፈረቃ ይደርሰዋል። ዩቲዩብ ላይ የሚጫነው ደግሞ ዝቅተኛ ጥራት ባለው ምስልም ድምፁ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ተደርጎ ይሰናዳ፤ ኮምቦልቻ ላይ በርካሽ ጥቅል የሚያየው ሰው ምስሉ ቢደበዝዝበትም ምልልሱን መስማት አለበት።

ተመልካቹን ደግሞ፣ በተለይ የደሴን ሰው፣ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። ሁለተኛው ክፍል እስኪያልቅ ቆይተህ ፍረድ፤ ስትፈርድ ግን ጻፈው። ቡና ላይ የተባለው ግሩም ትችት ቡናው ሲያልቅ ያልቃል። ገጸ ባሕርይዋ ወሎዬ ተብላ አነጋገሯ ካልሆነ፣ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንዳልሆነና እዚህ እንዴት እንደሚባል ጻፍላቸው። እናትህ ስልክ ከሌላት የእሷን አስተያየት አንተ ጻፍላት። ሦስተኛውን ክፍል እየጻፈ ያለ ሰው ያነበዋል።